የወፏ ሰማያዊ

አክስቷ ያጠበቻቸውን ስስ የሥዕል ፕላስቲኮች ከልብስ ጋር ገመድ ላይ አስጥታቸው ነበር።

ልጅቷ ለቅሶ ደራሾችን እስከ በር ሸኝታ ስትመለስ አየቻቸው። መስታወት መስለዋል። በላያቸው ተቀብታ ከነበረችው ሰማያዊ ወፍ የቀረው ቀጭን ጥቁር መስመሯ ብቻ ነው፤ በባዶው ክንፏ ውስጥ የጎረቤት ግድግዳ ይታያል።

«አክስቴ፣ እነዚህን ማን አጠባቸው?»

«እኔ ነኛ። ቀለም ተደፍቶባቸው አልጋ ሥር አገኘኋቸው። እንግዳ በሚገባበት ቤት!»

ልጅቷ ባዶውን ክንፍ በጣቷ ነካች።

እናቷ የካርቱን ፊልም ቀለም ቀቢ ነበረች። መስመር ሳቢው ሥዕሉን በፕላስቲኩ ፊት ላይ በቀጭን ብዕር ይገለብጡታል፤ እሷ ከጀርባው ትሞላዋለች። ብሩሹን አትጎትትም፤ ወፍራም ጠብታ ታኖርና ትንፋሿን ይዛ እስከ መስመሩ ትገፋዋለች። ከጀርባ ላየው እድፍ ነው፤ ከፊት ሲያዩት ግን ወፍ። «ከሰው ጀርባ ማማት ነው እንጂ ነውሩ፣ ከወፍ ጀርባ መቀባት ነውር የለውም» እያለች ትስቅ ነበር።

ፊልሙ ተቀርጾ ሲያልቅ ስቱዲዮው ፕላስቲኮቹን አጥቦ ለሌላ ሥራ ያውላቸው ነበር። የስንት ዓመት ድካሟ እንደዚያ በቧንቧ ወርዷል። ስቱዲዮው ሲዘጋ አለቃዋን ለምና ያተረፈቻት ይህችን ወፍ ብቻ ነበር። ከመሞቷ በፊት ድምጿ ሲደክም፣ «እሷ ያንቺ ናት» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ የእናቷ ባልደረባ የነበሩት መስመር ሳቢ መጡ፤ አርጅተዋል። ግቢው ውስጥ ገመዱ ሥር ብዙ ቆሙ። ገብተው ከተቀመጡ በኋላም ሻያቸውን አልነኩም። አክስቷ ምን ሆኑ ብላ ስትጠይቃቸው ፕላስቲኮቹ ምን እንደነበሩ ቀስ ብለው ነገሯት። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«የኔው መስመር ብቻ ቀረ» አሉ በመጨረሻ። «መስመር ማንም ይስባል።»

ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች ተንሾካሾኩ፤ አንዷ ዝም በሉ አለች። አክስቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ተቀጣ ልጅ ተቀመጠች። ልጅቷ ቀና ብላ ልታያት አልፈለገችም። ቢያንስ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት፣ እያለች በልቧ ትብሰለሰል ነበር።

ምግብ ቀረበ። አንዲት ጎረቤት የእጅ ውሃ ይዛ ዞረችና አክስቷ ጋ ደረሰች። አክስቷ እጆቿን ዘረጋች። ልጅቷ ያኔ አየችው፤ በየጥፍሯ ሥር ሰማያዊ ቀለም ደርቋል።

«ቆዪ» አለች ልጅቷ፣ ማንቆርቆሪያውን በእጇ መለስ አድርጋ። «ይህችን ሰማያዊ አትታጠቢያት።»

አክስቷ ጥፍሮቿን አየች። ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣ የአክስቷን አንድ እጅ በመዳፏ ያዘች። በሌላው እጇ ማንኪያ አንስታ፣ እፍ ብላ አብርዳ፣ ወደ አክስቷ አፍ አቀረበች።