አንድ ቦታ፣ አንድ ፎቶ

ሕጎቹን ያወጣሁት ችኩል ስለሆንኩ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በአንድ ሰርግ ላይ ሁለት ሺህ ፎቶ አንስቼ አንዱም አልረባኝም። ሸዋ ሮቢት ተመልሼ ፎቶ ቤት ስከፍት፣ ለራሴ ለማነሳቸው ፎቶዎች ወሰን አበጀሁ። የካሜራውን ስክሪን በፕላስተር ሸፈንኩት። ከአንድ ቦታ አንድ ፎቶ ብቻ፤ ያነሳሁትን እስከ ሰባት ቀን አላይም፤ ሰውን ሳላስፈቅድ አላነሳም። ፎቶ ቆርጬ አላሳጥርም፣ ምክንያቱም መቁረጥ መዋሸት ነው።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቀትር ላይ ከባጃጅ ወርጄ በቀወት የማሽላ ማሳዎች መሀል ስሄድ፣ ማማ ላይ የቆመ ወፍ ጠባቂ አየሁ። ግራጫ ፎጣ ጠምጥሟል፤ ወንጭፍ ከእጁ ተንጠልጥሏል። ፀሐይ ዓይኔን ስለወጋኝ ፊቱን አልለየሁትም። ግሪሳው ማሽላው ላይ ሰፍሮ እያለ ወንጭፉን አለመወርወሩ ገረመኝ። ካሜራዬን ከፍ አድርጌ ፈቃድ ጠየቅኩት። እጁን አነሳ። ፎቶውን አንስቼ ሄድኩ።

በሰባተኛው ቀን ፕላስተሩን ስልጥ ፎቶው ላይ ማማው ባዶ ነው።

ዘግይቼ ተጭኜው ይሆናል ብዬ በራሴ ተናደድኩ። በማግስቱ ለማጣራት ስመለስ የማሳው ባለቤት እትዬ ዘምዘም ከልጃቸው ከኑርሃን ጋር ማማው ሥር ቆመው ቆርቆሮ ይደበድባሉ። ጠባቂያችሁ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኩ። ኑርሃን ሳቀች።

"ጠባቂዎቹማ እኛ ነን። ድምፅሽ ወፍ የሚያስፈራ ከሆነ አንቺም ግቢበት።"

ስለ ግራጫው ፎጣ ስነግራት መሳቋን ተወች። ግራጫ ፎጣ የሚጠመጥመው ወንድሟ ጣሪቅ ነበር፤ ማማውንም የሠራው እሱ ነው። በነሐሴ ጎርፍ ወሰደው፤ ስልኩም መታወቂያውም አብረውት ሄዱ፣ አስከሬኑም አልተገኘም። እናትየው እስከ አጨዳ ድረስ ማማው ላይ ማንም እንዳይወጣ ከልክለዋል። ቤት ውስጥ አንድም ፎቶው የለም።

ባዶውን ፎቶ ለእትዬ ዘምዘም ሳሳያቸው አልደነገጡም።

"ፊቱ እየጠፋኝ ነው" አሉ። "አፍንጫው ትዝ ይለኛል፣ ዓይኑ ግን አይመጣልኝም። አንዴ ድገሚልኝ ልጄ። እኔ ከሥር እቆማለሁ፤ እኔን ካየ አይሄድም።"

አልደግምም ማለት ነበረብኝ። ባዶ እንጨት ነው፣ ተጭኜ ልገላገል ብዬ አሰብኩ። ሻሻቸውን አስተካክለው ማማው ሥር ቆሙ። ተጫንኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ደወሉ። ሰባት ቀን እንዲጠብቁ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸውም ኢንሻአላህ ብለው ይዘጋሉ። በአራተኛው ቀን ሕጉ ባይኖርም እንደማላየው አወቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳልቸኩል የቀረሁበት ጊዜ የለም።

በሰባተኛው ቀን ፕላስተሩን ላጥኩ። አንድ ወጣት ማማው ላይ ቆሟል፤ ግራጫ ፎጣ ጠምጥሞ፣ ፊቱ እስከ ቅንድቡ ጥርት ብሎ፣ ወደ እኔ ይመለከታል። ከሥሩ ደረቅ መሬትና አንድ ቆርቆሮ ብቻ አለ። የእትዬ ዘምዘም ሻሽ የለም፤ ጥላቸውም የለም።

ስልኬ ጮኸ።

"አለ?" አሉኝ።

"አለ።"

"ከነፊቱ?"

"ከነፊቱ።"

ያለቀሱ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "እኔስ?" አሉ።

ማማው ረጅም ስለሆነ አንቱ ፎቶው ውስጥ አልገቡም አልኳቸው። የፎቶውን የታችኛውን ግማሽ ቆርጬ ጣልኩና የላይኛውን በኑርሃን ስልክ ላክሁላቸው። ካየኋቸው ደንበኞች ሁሉ እንደሳቸው ያመሰገነኝ የለም።

"ግድ የለም" አሉ በመጨረሻ። "ሌላ ቀን አጠገቡ ሆኜ ታነሺናለሽ።"

ወደዚያ ማሳ አልተመለስኩም። ሲደውሉም ማንሳት ተውኩ።

ትናንት በማላውቀው ቁጥር የደወለችው ኑርሃን ነበረች። እናቷ የከለከሉትን ራሳቸው ሽረው፣ ቀትር በሆነ ቁጥር ማማው ላይ ይወጣሉ አለችኝ። ወደ መንገዱ ዞረው ይቆማሉ፤ ግሪሳው ማሽላውን ሲጨርሰው ዝም ብለው ያያሉ። ከሥር ሆና ስትጠራቸው አይመልሱላትም።

እጃቸውን ብቻ ያነሳሉ።