ከድንጋዩ ጋር የመጣው

«ቦርሳሽን አምጪና እዚሁ ፊቴ ክፈቺው!»

እጅጋየሁ መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። መወልወያውን ግድግዳ አስደግፋ፣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የአሠሪዋን ፊት አየች። አብራር አልሳቀችም። እጅጋየሁ ከማድ ቤቱ በር ጀርባ የተሰቀለውን ቦርሳዋን አምጥታ ዚፑን ሳትነካው፣ አብራር ነጠቀቻትና ሳሎኑ መሐል ዘቅዝቃ አራገፈችው። ማበጠሪያ፣ ነጠላ ጫማ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ፣ መታወቂያዋና በጨርቅ የተለበጠችው የጸሎት መጽሐፏ ሴራሚኩ ላይ ተበተኑ።

«ምን ጠፋብሽ መዳም?»

«ዓሣዎቹ!»

«የቱ ዓሣ?»

«የማታውቂ መስለሽ! ሁለቱ ብርቱካናማዎች ዛሬ የሉም። ባለፈው ቢጫው ጠፋ፤ ከዚያ በፊት ሰማያዊው። እህቴ ልክ እንደነሱ ያሉትን ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሲሸጡ አይታለች። እዚህ ቤት ከእኛ ሌላ ከአንቺ በቀር ማን ይገባል?»

«እኔ? የባሕር ዓሣ በዳቦ ፌስታል ጠቅልዬ፣ ሃፍላ አውቶቡስ ላይ ተጋፍቼ፣ እስከ ካላክላ ቤቴ ወሰድኩ?»

«እንዴት እንደወሰድሽው አንቺ ታውቂያለሽ ያ ጂጂ። ኸላስ፣ በቃ! ነጂብ እስኪመጣ ከዚህ ቤት አትወጪም።»

ጂጂ ያሏት ስሟ ለምላሳቸው ከብዷቸው ነው። አብራር ጎንበስ ብላ ከተበተነው ዕቃ መካከል የቤቱን ቁልፍ ለይታ አነሣች፤ አራት ዓመት ሙሉ እጅጋየሁ ጠዋት ጠዋት ከካላክላ መጥታ የምትከፍትበትን ቁልፍ። በዚያው ቁልፍ በሩን ቆለፈችና መኝታ ቤቷ ገባች።

እጅጋየሁ ተንበርክካ ዕቃዋን ለቀመች። መጽሐፏን ሳም አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። 

የዚህ ጣጣ መነሻ የአብራር ባል ነጂብ ነው። ሰውየው መሐንዲስ ነው፤ ለሥራ ፖርት ሱዳን ሲመላለስ የባሕሩ ፍቅር ለከፈው። መጀመሪያ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ያለው ቤቱ ሳሎን ውስጥ የመስታወት ገንዳ አሠራ፤ ጨዋማ ውሃ ሞላበት፤ ዓሣ ጨመረበት፤ በመጨረሻም ከቀይ ባሕር የወጣ ድንጋይ በአይስ ቦክስ አሽጎ አስመጣ። «ሕያው ድንጋይ» ይለዋል። እጅጋየሁ፣ ድንጋይ ደግሞ ምን ሕይወት አለው ብላ በሆዷ ሳቀች። ሳምንት ሳይሞላ ግን ድንጋዩ ነዋሪዎቹን ያወጣ ጀመር። ከአንዱ ቀዳዳ ጸጉራም ትል ብቅ ይላል፤ ከሌላው ክር የመሰለ ክንድ ያላት ኮከብ ትዘረጋለች፤ ከሥር ደግሞ እንደ ላባ የሚከፈትና ጥላ ሲያርፍበት ክድን የሚል ነገር አለ። ማንም አልገዛቸውም፣ ማንም አልጠራቸውም፤ ድንጋዩ ውስጥ ተሸሽገው የመጡ ናቸው። ነጂብ «ዱዩፍ» ይላቸዋል፤ እንግዶች ማለቱ ነው። አርብ አርብ አጉሊ መነጽሩንና ስልኩን ይዞ ገንዳው ፊት ይቀመጥና እያንዳንዱን ኢንተርኔት ላይ ካለ ፎቶ ጋር እያስተያየ ማንነቱን ይለያል። ባትሪ የምታበራለት እጅጋየሁ ናት።

«ይቺ ጥሩ ናት፤ ቆሻሻ ትበላለች፤ ትኑር። ይሄኛው ግን ተንኮለኛ ነው፤ ይውጣ» እያለ ይፈርዳል።

ዓሣ መጥፋት ሲጀምር ጥርጣሬው መጀመሪያ ትሉ ላይ ወደቀ። ነጂብ አነበበ፣ ጠየቀ፤ ይህ ዓይነቱ ትል የሞተ እንጂ ያለ አይነካም ተባለና ነጻ ወጣ። ቀጥሎ እግሩ ጸጉር የለበሰ ሸርጣን ተከሰሰ። ብርጭቆ ውስጥ ሥጋ አስቀምጠው አጠመዱት፤ ባልዲ ውስጥ ታሰረ፤ ዓሣው ግን መጥፋቱን አላቆመም። አሸዋው ላይ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተሰባብሮ ሲገኝም አብራር «ስትወለውዪ ምን ጥለሽበት ነው?» ብላ የጮኸችው እጅጋየሁ ላይ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ድንጋዩ ላይ የሚጠረጠር ነፍስ አለቀ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ! ባሏን «ድንጋይህን አውጥተህ ጣል» ማለት ያልደፈረችው አብራር፣ ሠራተኛዋ ላይ ደፈረች።

ስልኳ ጠራ። ጋሽ ማሩ ናቸው። አጠገብ ካለው ፎቅ በር ላይ ጥበቃ ሆነው የሸበቱ ሰው ናቸው፤ እጅጋየሁን ለዚህ ቤት ዋስ ሆነው ያስገቧት እሳቸው ናቸው።

«ምንድን ነው የምሰማው ልጄ? መዳምሽ ደውላ ‹ያመጣሃት ሐበሻ ሌባ ናት› አለችኝ።»

«ምን ሰረቀች አሉዎት ጋሼ?»

«ዓሣ!» አሉ። ድምፃቸው ሳቅም ቁጣም አለበት። «እኔ አንቺን አውቅሻለሁ። ግን ለእኔ ብቻ መች ደወለች? ለኛ ፎቅ ሴትዮም ነግራታለች። ሰብለ ቅዳሜ እንዳትመጣ ተብላለች።»

እጅጋየሁ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሰብለ የአክስቷ ልጅ ናት። በመተማ በኩል ካርቱም ከገባች ወዲህ ከእጅጋየሁ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ትተኛለች፤ ሥራ ፍለጋ ያላንኳኳችው በር የለም። የፎቁ ሴትዮ ቅዳሜ ጀምሪ ብትላት ጊዜ የምትለብሰውን ቀሚስ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅላ በየማለዳው ታየዋለች። የባሕር ዓሣ በዓይኗ አይታ አታውቅም። በአንድ ስልክ፣ በአንድ አፍ፣ እሷም የሌባ ዘመድ ሆነች።

«እኔን ይበሉኝ» አለች እጅጋየሁ፤ «እሷ ምን አደረገች?»

«ቻይው ልጄ። ሰው አገር ነው።»

«እስከ መቼ ነው የምችለው ጋሼ?»



ገና ቀትር አለፍ እንዳለ መብራት ሄደ። በካርቱም በጋ መብራት መሄዱ ብርቅ አይደለም፤ ጄኔሬተሩም ናፍጣ አልነበረውም። ሙቀት እንዳይገባ ወፍራሞቹ መጋረጃዎች ተዘግተው ስለነበር ሳሎኑ ወዲያው ጨለመ። የገንዳው መብራት ጠፋ፤ ቀን ከሌት የሚያጉረመርመው ሞተርም ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እጅጋየሁ ድምፅ ሰማች።

ቋ!

ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ከሞተሩ ጩኸት ሥር አልፎ አልፎ ሲንቋቋ ሰምታ፣ የሆነ ቧንቧ ነው ብላ ትታው ነበር። አሁን ግን ሞተር የለም፤ ቧንቧውም ባዶ ነው። የስልኳን መብራት በጣቶቿ ሸፈን አድርጋ ወደ መስታወቱ ተጠጋች።

ከድንጋዩ ትልቅ ቀዳዳ ሁለት ዓይኖች ወጥተው ያዩአታል። በክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ እንደተሰኩ ያሉ ዓይኖች ናቸው፤ አንዱ ወደ እሷ፣ ሌላው ወደ አሸዋው፣ ለየብቻቸው ይዞራሉ። ከኋላቸው እንደ እርጥብ ሣር የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ገላ፣ ከፊታቸው ደግሞ ቡጢ እንደጨበጠ ቦክሰኛ የታጠፉ ሁለት ክንዶች አሉ። ለነጂብ ባትሪ ባበራችባቸው አርቦች ሁሉ ይህን አላየችውም።

ልትጮህ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አብራር እየተንጣጣች ብትመጣ ፍጡሩ ጉድጓዱ ይገባል። ከዚያ «አየሁ» ብትል ማን ያምናታል? ብቻዋን ያየችው ነገር እንዳልታየ ነው። ጫማዋን አውልቃ በእግር ጣቷ ወደ ሃጃ ዘኪያ ክፍል ሄደች። ሃጃ ዘኪያ የነጂብ እናት ናቸው። ባለፈው ዓመት ዳሌያቸው ተሰብሮ ሲተኙ ያጠበቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው፣ እንደ ሕፃን ያጎረሰቻቸው እጅጋየሁ ናት።

«ሃጃ፣ ይነሡልኝ። ድምፅ ሳያሰሙ።»

«ምን ሆነሽ? ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ።»

«አላለቀስኩም። ይምጡና በዓይንዎ ይዩልኝ።»

አሮጊቷ ክንዷን ተደግፈው በባዶ እግራቸው መጡ። ሁለቱ ጎን ለጎን ገንዳው ፊት ተቀመጡ። ከቀሩት ዓሦች አንዷ፣ ጥቁርና ነጭ መስመር ያላት ትንሽ ዓሣ፣ ጨለማው ሌሊት መስሏት ድንጋዩን ተጠግታ አንቀላፍታለች። አረንጓዴው ፍጡር ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ከጉድጓዱ ወጣ። ክንዱ ሲወነጨፍ ማናቸውም አላዩትም፤ የሰሙት ድምፁን ብቻ ነው። ቋ! ዓሣዋ በጎኗ ተገለበጠች። ፍጡሩ አቀፋትና ወደ ጉድጓዱ ይዟት ገባ። ከሥር ጥቂት አሸዋ ቦነነ፤ ሌላ ምንም አልቀረ።

ሃጃ ዘኪያ የእጅጋየሁን ክንድ ጨምድደው ያዙ።

«ያ ሰላም! ይሄ ነው? ልጄን ሌባ ያሰኛት ይሄ ነው?» ቀጥለውም ከደከመ ገላቸው የማይጠበቅ ድምፅ አወጡ፦ «ያ አብራር! ነዪ ውጪ!»

ነጂብ ሲመጣ መብራትም ተመልሶ ነበር። እናቱ የነገሩትን ሰምቶ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ገንዳው ፊት ተንበረከከ። የሥጋ ቁራጭ በሽቦ አድርጎ ወደ ቀዳዳው ሰደደ፤ ዓይኖቹ ብቅ አሉ። ፎቶ አነሣ፣ ፖርት ሱዳን ላለው ወዳጁ ላከ፤ መልስ ሲመጣ እንደ ልጅ ጮኸ።

«ለየሁት! ከሽሪምፕ ወገን ነው፤ ቡጢኛው ይሉታል! ከድንጋዩ ጋር ነው የመጣው፤ ይኸን ሁሉ ወር ከእኛ ጋር ኖሯል! አብራር፣ ነዪ እዪ፣ ይሄን ዓይን እዪ!» ወደ እጅጋየሁ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። መስታወቱን ለመጥረግ በየቀኑ እጅሽን ትከቺ ነበር። ጣት ይሰብራል ይላል ወዳጄ!» ብሎ ሳቀ።

እጅጋየሁ አልሳቀችም። አብራር ስልኳን ደቅና ቪዲዮ ትቀርፃለች። ነጂብ ወዳጆቹን «ያላ፣ ኑና እዩ» እያለ ይጠራል። ከነገ ጀምሮ ለብቻው ገንዳ እንደሚያሠራለት፣ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ እየገዛ እንደሚመግበው ይናገራል። ዓሣ የፈጀው የራሱ ቤት ሊሠራለት ነው። ያልሰረቀችው ደግሞ ጥግ ቆማለች፤ እሷን ቀና ብሎ ያየ የለም።

«መዳም» አለች።

«ማዓሌሽ ጂጂ፣ ተሳስተናል፤ በቃ እርሺው። እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ሻይ አፍዪ። ያንን ቢጫ ቶቤን ውሰጂና ልበሺው፣ ላንቺ ሰጥቼሻለሁ።»

«ቶብ አልፈልግም። ለጋሽ ማሩ ደውዪላቸው።»

አብራር ተነፈሰች፤ ግን ሃጃ ዘኪያ አፍጥጠው እያዩዋት ስለነበር ደወለች። እጅጋየሁ ማድ ቤት ገብታ ሻዩን ጣደችና ጆሮዋን ሰጠች።

«ማሩ? አዎ። የጂጂ ነገር አልቋል። ምንም አይደለም፤ ይቅር ብለናታል።»

ይቅር ብለናታል! እጅጋየሁ የሻይ ማሰሮውን እጀታ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ቦርሳዋ ሲዘቀዘቅ፣ በሩ ሲቆለፍባት፣ ሌባ ስትባል ያልወጣው እንባዋ አሁን ወጣ። ይቅር የሚባለው የበደለ ነው። እንግዲህ ጋሽ ማሩ ሰርቃ ማሯት ብለው ይተኛሉ፤ የፎቁ ሴትዮም እንዲሁ፤ የሰብለ ቀሚስ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል።

ወጥታ አብራር ፊት ቆመች።

«ለፎቁ ሴትዮስ?»

«ቡክራ፣ ኢንሻአላህ። ነገ እደውልላታለሁ።»

እጅጋየሁ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ሻዩ ሊፈላ ማሰሮው ማፏጨት ጀምሯል። ጋዙን አጠፋች፤ እንባዋን አበሰች። ከዚያ ሃጃ ዘኪያ ወደተቀመጡበት ሄዳ እጇን ዘረጋች።

«ሃጃ፣ ያዩትን አብረውኝ ሄደው ይናገሩልኛል?»

«የት?»

«እዚሁ ጎረቤት።»

«ጂጂ! ሻዩስ? እንግዶቹ ደረሱ እኮ!» አለች አብራር።

አሮጊቷ የተጠቀለሉበትን ቶብ ራሳቸው ላይ ሳብ አደረጉና ተነሡ። «ሻይ የሚፈልግ ያፍላ» አሉ።

መንገዱ አጭር ነበር፤ በአሮጊት እርምጃ ግን ረዘመ። ፀሐይዋ ብትበርድም አቧራው ገና ይጋረፋል። ጋሽ ማሩ ከሩቅ አይተዋቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ምነው ልጄ? ይቅር አሉሽ አይደል እንዴ?»

«እርስዎም ይምጡና ይስሙ ጋሼ» አለቻቸው።

የፎቁ ሴትዮ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው እጅጋየሁን ነበርና ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ ሃጃ ዘኪያን አየች፤ ደንግጣ ግቡ፣ ተቀመጡ ትል ጀመር።

«አልቀመጥም» አሉ ሃጃ ዘኪያ። «ቆሜ ነው የምናገረው። የልጄ ሚስት ዛሬ ደውላ ያለችሽ ውሸት ነው። ዓሣዎቹን የበላው ልጄ ከባሕር ካመጣው ድንጋይ ውስጥ የተደበቀ አውሬ ነው፤ በዚህ ዓይኔ ሲገድል አይቼዋለሁ። ይቺ ልጅ አልሰረቀችም። ‹ይቅር አልናት› የሚሉ ከሆነም፣ ይቅርታ መጠየቅ ያለብን እኛ ነን። የሰማሽውን ለሌላ ሰው ነግረሽ ከሆነ ይሄንንም ንገሪ።»

ጋሽ ማሩ ቆባቸውን አውልቀው ግድግዳውን ተደገፉ። ሴትዮዋ አፈረች። ቶቧን አስተካከለች፤ ወለሉን አየች።

«እኔ ምን አውቄ ሃጃ፤ የነገሩኝን ነው የሰማሁ» አለች። ከዚያ ወደ እጅጋየሁ ዞር ብላ፣ ሁሉንም ነገር በአንድ ቃል እንደምትጠግን ሁሉ ቀለል አድርጋ፣ «በቃ፣ ልጅቷ ቅዳሜ ትምጣ» አለቻት።

ጋሽ ማሩ እጅጋየሁን በዓይናቸው ጠቀሷት፤ አመስግኚ ማለታቸው ነው። አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ ትምጣ ሲባል ሹክራን ስትል ኖራለች፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። የሃጃ ዘኪያን ክንድ አስተካክላ ያዘችና ሴትዮዋን ቀና ብላ አየቻት።

«እጠይቃታለሁ» አለች እጅጋየሁ፤ «ከፈለገች ትመጣለች።»