ከእንጨት የተጠረበችው ሙሽራ

ቀናተኛ ነኝ፤ አልክድም። እኛ የፕላታያ ከተማ ሴቶች የምናመልካት ሄራ ራሷ ቀናተኛ ናት፤ እኔ ከአምላኬ ልብለጥ? ተኳርፈው ሳለ ባሏ ዜውስ ከእንጨት ሙሽራ አስጠርቦ "ላገባ ነው" አለ። እሷ ከተራራው ተንደርድራ ወርዳ የሙሽራዋን ዓይነ ርግብ ቀደደች፤ እንጨት መሆኗን ስታይ ስቃ ታረቀችው። ሙሽራዋን ግን አልማረቻትም፤ አቃጠለቻት። በዓላችንም ይህንኑ እያስመሰልን የምናከብረው ነው።

ዘንድሮ ሙሽራዋን እንዲጠርብ የተመረጠው ባሌ ቲሞላስ ነበር። በልማዳችን መሠረት ቁራ መጥቶ ያረፈበትን ዛፍ ቆርጦ እዚያው ጫካ ውስጥ ሲጠርብ ይውላል፤ ሲመጣም መሽቶ ነው። አንድ ቀን ጎረቤቴ ዴማ ብቅ አለች።

"አንቺ ኒካሬታ፣ እንጨት እንዲህ ያስመሻል እንዴ? ያቺ ማር ሻጭ ክሪሲላ ከጫካው ስትወጣ አይቻታለሁ። እኔ ምን አገባኝ፣ ብቻ ነገርኩሽ።"

እጄ ሊጥ እንደሆነ ሮጥኩ።

"የታለች?"

"ማን?" አለ ቲሞላስ፣ መሮውን እንደያዘ።

"ያቺ ማር ሻጯ!"

ብቻውን ነበር። ሙሽራዋ ጉልበቱ ላይ ተጋድማለች፤ ፊቷ ገና አልተቀረጸም። ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። "እንጨት እኮ ናት፣ የኔ ሄራ! ነክተሽ እያት፤ ስንጥር እንዳይገባብሽ ብቻ።"

አፈርኩ። አብሬው ሳቅኩ፤ ልቤም አረፈ።

ታዲያ ዝም አይልም፣ ለከተማው ሁሉ አወራው። "ኒካሬታ በጉቶ ቀናች" ተባለ። በዓሉ ሲደርስ አሮጊቶቹ ጠሩኝና፣ "ዘንድሮ ዓይነ ርግቡን የምትቀድጂው አንቺ ነሽ። ከአንቺ የባሰ ቀናተኛ ከየት እናመጣለን?" አሉኝ። ለሙሽራዋ ሚዜ የመረጡት ደግሞ ክሪሲላን ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

የሙሽራዋን ሠረገላ የሚጎትቱት በሬዎች ኪታይሮን ተራራ አናት ላይ ቆሙ። ክሪሲላ ሠረገላው ላይ ሙሽራዋን አቅፋ ቆማለች። እንደ ወጉ እየጮህኩ ወጣሁና ዓይነ ርግቡን ተረተርኩት።

የክሪሲላ የላይኛው ከንፈር በግራ በኩል ትንሽ ከፍ ይላል። ያምርባታል፤ ለዚህ ነው የምጠላው። የእንጨቷም ከንፈር በግራ በኩል ከፍ ብሏል። አገጯ ላይ ያለችው ስርጉድ እንኳ አልቀረችም። ሁለቱ ጎን ለጎን መንታ ይመስላሉ። ለእኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ትዳር አንድ ማንኪያ ጠርቦልኝ አያውቅም።

ክሪሲላ አቀረቀረች። ከታች ያለው ሕዝብ ይጠብቃል።

"ሳቂ እንጂ!" አለች ዴማ።

ወጉ መሳቅ ነው፤ ሳቅኩ። ሕዝቡም ተከትሎኝ ሳቀ። ሙሽራዋን መሠዊያው ላይ ሲያቆሟት ችቦውን ከካህኑ እጅ ተቀበልኩ፤ የለኮስኳትም ከከንፈሯ ጀምሬ ነው።

ሰው ሁሉ ይዘፍናል፣ ያጨበጭባል። እኔ የማየው ቲሞላስን ብቻ ነው። ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል።

"ምን ሆንክ?"

"ጭሱ ነው" አለኝ።

ነፋሱ ጭሱን ከእኛ አርቆ ወደ ቴቤ ከተማ እየነዳው ነበር።

"እንጨት እኮ ናት፣ የኔ ዜውስ!" አልኩት።

አልሳቀም።