ኤዶ ቃሊ መርከብ ልትሳፈር

እኔ የምሸጠው የአውሮፕላን ትኬት ነው። ጅጅጋ፣ ከጣይዋን ገበያ ትንሽ ከፍ ብላ ባለችው ቢሮዬ ተቀምጬ ስንቱን ወደ ጅዳ፣ ስንቱን ወደ ዱባይ ሸኝቻለሁ። ስለ መርከብ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። በዚህ ከተማ ባሕር ሲባል ለማንም ትዝ የሚለው ሽርሽር አይደለም፤ ታህሪብ ነው። በሱዳን አድርጎ፣ ሊቢያ ገብቶ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ አውሮፓ የሚኬድበት መንገድ ማለት ነው። በዚያ መንገድ ልጅ ያልቀረበት ሰፈር የለንም። ስለዚህ በ2012 ጥር ላይ ነጅማ ደውላ «ናዝሬት፣ እናቴን መርከብ ላይ አሳፍሪልኝ» ስትለኝ ሳቄ መጣ፤ ወዲያውም ዋጥ አደረግሁት።

ነጅማ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። ታላቅ ወንድሟ ሻርማርኬ በ2007 ከሊቢያ ዳርቻ በጀልባ ተነሥቶ ባሕር ላይ ቀርቷል፤ አስከሬኑም አልተገኘም። እሷ በበኩሏ ለሆቴል ሥራ ዱባይ ሄደችና እዚያ እያለች አንድ ትልቅ የሽርሽር መርከብ መኝታ ክፍል እንድታዘጋጅ ቀጠራት። ይህን ለእናቷ በስልክ ከነገረችበት ቀን ጀምሮ እናቷ ስልኳን አንሥታ አታውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ። ጣይዋን ገበያ ያለ ሰው ሁሉ «ቃሊ ልጇን ተቆጥታ ነው» ይላል። እኔም የማምነው ይህንኑ ነበር።

«መርከቡ ጅቡቲ ሊቆም ነው» አለችኝ ነጅማ። «ለሠራተኛ ወላጅ የአንድ ሳምንት ጉዞ ፈቅደዋል። ከዚህ በኋላ ወደዚህ ባሕር አንመለስም። አሁን ካልመጣች ጨርሶ የምታናግረኝ አይመስለኝም። አንቺን ትሰማሻለች።»

«እኔን ደግሞ ማን ሰምቶኝ ያውቃል?» አልኳት። ግን ሄድኩ።

እናቷ ቃሊ ጣይዋን ውስጥ የሴት ልብስ ትሸጣለች፤ ሶማሌዎቹ ባቲ የሚሉትን ስስ ቀሚስና ጋርበሳር የሚሉትን ሰፊ የትከሻ ልብስ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «ኤዶ» ነው የምላት፣ አክስቴ እንደማለት። አንቱ ስላት «እኔ አንድ ሰው ነኝ» እያለች ስለምትስቅብኝ ተውኩት። ያን ቀን የነጅማን መልእክት ሳደርስ ታባርረኛለች ብዬ ነበር። አላባረረችኝም። የያዘችውን ቀሚስ አጥፋ አስቀመጠችና፣

«መርከብ ላይ ሰው ሲወጣ ምን ምን ያደርጉታል?» አለችኝ። «ከበሩ ጀምረሽ ንገሪኝ። ሰምቼ እወስናለሁ።»

እኔ ምን አውቄ! ነጅማ ድርጅቱ ለተሳፋሪዎች ያዘጋጀውን መመሪያ በስልክ ላከችልኝ። በማግሥቱ ሱቋ ገብቼ፣ በርጩማ ስቤ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ማንበብ ጀመርኩ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው እንዲያምረው ማድረግ ሥራዬ ነው፤ ምላሴም ለዚህ አይሰንፍም።

«መጀመሪያ ወደቡ በር ላይ ሻንጣሽን ይቀበሉሻል። ተሸክሞ መንገላታት የለም። በኋላ ክፍልሽ በር ላይ ታገኚዋለሽ።»

«ሻንጣውን ይወስዱታል» አለች።

«ይወስዱታል። ቀጥሎ ፓስፖርትሽን ይቀበሉሻል፤ እስክትወርጂ እነሱ ጋ ይቀመጣል። ፎቶ ያነሡሻል። ቁጥር ያለበት ካርድ ይሰጡሻል፤ እሱ ቁልፍሽም መታወቂያሽም ነው።»

«ፓስፖርቱንም።»

«ምን ያደርጉበታል ብለሽ ነው ኤዶ? እነሱ የሌላ አገር ፓስፖርት ሞልቷቸዋል፣ ያንቺን አይመኙትም።» ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ከዚያ ሰዉን በቡድን በቡድን ይከፍሉታል፤ ቁጥርሽ ሲጠራ ትገቢያለሽ። መርከቡ ከመንቀሳቀሱ በፊት ደግሞ ሁሉንም ሰብስበው አደጋ ቢመጣ የት እንደሚቆም ያሳያሉ። አታስቢ፣ የሚያንሳፍፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው አለ።»

እጇ ልብሱ ላይ ቆመ። ደንበኛ መጥታ ዋጋ ጠየቀቻት፤ አልመለሰችላትም። ሴትዮዋ ትንሽ ቆማ ሄደች።

«ሻርማርኬም በዚሁ ተራ ነው የነገረኝ» አለች። «ከባሕሩ ዳር ደወለ። ‹ሻንጣችንን ወሰዱት፣ ጀልባው ላይ ትቀበላላችሁ ብለውናል› አለኝ። ‹ፓስፖርታችንን ሰብስበዋል፣ ስትወርዱ ይሰጣችኋል ብለዋል። ቁጥር ሰጥተውናል። በቡድን ከፍለውናል፤ የኔ ቡድን ዛሬ ነው።› ጃኬትስ አላችሁ ወይ አልኩት። ‹ለእያንዳንዳችን አለ› አለኝ።»

ዓይኔን ከስልኩ አነሣሁ።

«የጎረቤታችን የሚሬ ልጅ አብሮት ነበር፤ እሱ ተርፎ መጣ። ጠየቅሁት። አንድም ጃኬት አልነበረም ናዝሬት። አንድም።»

ስልኩን ጉልበቴ ላይ ደፋሁት። ሻርማርኬ ባሕር ላይ እንደቀረ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ለቅሶው ቤት ሄጄአለሁ። ከባሕሩ ዳር ምን ብሎ እንደነገራት ግን ማን ጠይቋት ያውቃል? እኔ ደግሞ ያንኑ ነገር፣ በያንዳንዱ ተራው፣ እያሳቅሁ ልሸጥላት ነበር። በራሴ አፈርኩ።

«ይቅርብሽ» አልኳት። «ለነጅማ እኔ እነግራታለሁ።»

«ያንቺ መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ሰው አለ ይላል። ማን አይቶ ነው የጻፈው?»

«እሱን አላውቅም ኤዶ።»

«እሄዳለሁ» አለች። «እስከ በሩ ነይልኝ። የምወስነው እዚያ ስደርስ ነው።»

ቢሮዬን ዘግቼ ተከተልኳት። ከጅጅጋ ድሬዳዋ በመኪና፣ ከዚያ በባቡር። መንገዱን ሁሉ ስላደገችበት ስለ ሀርሺን አወራችልኝ፤ አባቷ ግመል የሚያጠጣበትን ጉድጓድ፣ ዝናብ ሲጠፋ የሚሄዱበትን አቅጣጫ። አይሻን አልፈን ወደ ድንበሩ ስንቀርብ ፊቷን ወደ ውጭ መለሰች። ያ ሁሉ ጠፍ ምድር በመስኮቱ ሲያልፍ እጇ ፓስፖርቷ ያለበትን ቦርሳ ጨብጦ ነበር።

ኤዶ ቃሊ ባሕር አይታ አታውቅም። ጅቡቲ ወደብ ስንደርስ አንዴ አየችውና ጀርባዋን ሰጠችው። መርከቡን ግን ላለማየት አይቻልም፤ እኛ ከተማ እንዲህ ያለ ፎቅ የለም። ነጭ ነው፤ መስኮቱ ተቆጥሮ አያልቅም። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ፈረንጆች እየተሳሳቁ ይገባሉ። አንዱ ተሸካሚ መጥቶ ሻንጣዋን ተቀበላት፤ ሰጠችው። ሻንጣው ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ በመጋረጃ ውስጥ ሲጠፋ በዓይኗ ሸኘችው። «ይህ ልብስ ነው» አለችኝ፣ እንደማጽናናት።

ከዚያ ወረፋው ጠረጴዛው ጋ አደረሰን። አንድ ትሑት የውጭ አገር ልጅ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። ኤዶ ቃሊ ፓስፖርቷን አወጣች። ልጁ ጫፉን ያዘ። እሷ አልለቀቀችም።

ልጁ ፈገግታውን ጨመረ። ቀስ ብሎ ሳበ። እሷም ሳበች።

«ኤዶ፣ ከኋላችን ሰው እየጠበቀ ነው» አልኳት።

«ይጠብቅ» አለች። «ጃኬቱን ያሳዩኝ።»

በምችለው እንግሊዝኛ አስረዳሁት፤ የምታስቸግር አሮጊት እንዳይላት ፈርቼ ልጇ እዚያ እንደምትሠራ ጨመርኩበት። ወዲያው ስልክ አነሣ። እኛን ወደ ጎን አቆመን፤ ፓስፖርቱ እጇ ላይ ነው። እውነቴን ነው፣ ያኔ እንመለሳለን ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ነጅማ በሩጫ መጣች። ነጭ የሥራ ልብስ ለብሳለች፣ ፀጉሯን በሻሽ ሸፍናለች፣ ከስታለች። እጇ ላይ ብርቱካንማ ጃኬት አለ። እናቷን ስታይ መሮጧን አቆመች፤ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብላ ቆመችና «ሆዮ» አለች። ሆዮ እናት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያወሩት በሶማልኛ ነው፤ እኔ ጅጅጋ ተወልጄ ካልሰማሁት ማን ሊሰማው?

ኤዶ ቃሊ ልጇን አላቀፈቻትም። ፓስፖርቷን ብብቷ ውስጥ አስገብታ ጃኬቱን ተቀበለቻት። ጨርቅ ስትገዛ እንደምታደርገው ስፌቱን በጥፍሯ ጎተተችው፣ ውስጡን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ በመዳፏ መዘነችው። አገላብጣ አየችው። ከኋላችን ያሉት ሰዎች እያዩን ነው። 

«ልበሽው» አለቻት።

ነጅማ ለበሰችው። እናቷ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ያዘች። አላወቀችበትም፤ ነጅማ አሳየቻት። አጥብቃ ሳበች። ደግማ ሳበች። አስራ ስትጨርስም እጇን ከልጇ ደረት ላይ አላነሣችም።

«ስልክሽን ያላነሣሁት ተቆጥቼ መስሎሻል» አለች።

ነጅማ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«አይደለም። ባነሣው ‹ደህና ነኝ› ትለኛለች ብዬ ነው። ባሕር ላይ ያለ ልጅ የሚለው እሱን ነው። ወንድምሽም ‹ደህና ነኝ፣ ሁሉም ነገር አለ› ብሎኝ ነው የሄደው። አመንኩት፤ አምኜው እራት በላሁ። ያንን ቃል ከአንቺ አፍ መስማት አልቻልኩም።»

ነጅማ ለመመለስ አፏን ከፈተች። «ደህና...» አለችና አቋረጠችው። 

«ደህና አይደለሁም ሆዮ» አለች። «መርከቡ ደህና ነው፣ ጃኬቱም አለ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። የሰው አልጋ ሳነጥፍ እውላለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም።»

 ኤዶ ቃሊ በጋርበሳሯ ጫፍ የልጇን እንባ ጠረገችላት።

«እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ በዋና እመጣ ነበር» አለች።

ፓስፖርቷን አውጥታ ጠረጴዛው ጋ ላለው ልጅ ሰጠችው። እኔን ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። ነጅማን ከነጃኬቷ ክንዷን ይዛ ቀድማት ገባች።