የግራው ስፒከር

«ግራው ነው» አሉ ወይዘሮ ሳዳ፣ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው። «‹ስ› ባልንበት ቦታ ሁሉ በግራ በኩል መርፌ ይወጋል። ልጄ መኪናው ውስጥ ቢከፍተው፣ ወላሂ፣ ጆሮዬን ይዤ ነው የወረድኩት።»

ሚልኪያስ ከኮምፒውተሩ ቀና አላለም።

«የመኪናው ስፒከር ይሆናላ።»

«የልጅ ልጄ ጆሮ ማዳመጫስ? እሱም መኪና ነው?»

ሴትዮዋ ቆመዋል። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ሲሸጡ አርፍደው ፈላና በር ድረስ ያንን ዳገት በእግራቸው ወጥተዋል፤ ግን የሚቀመጡበት የለም። ስቱዲዮ የሚባለው ይህ የጓዳ ክፍል ያለው አንድ ወንበር ነው፤ እሱም የሚልኪያስ ነው። ድሮ ሁለተኛ ነበረው። የተቀመጠ ሰው አስተያየት ያበዛል ብሎ ራሱ አውጥቶ ለጎረቤት ሰጠው።

«አሥራ ሁለት ሴት ሰብስቤ ሦስት ወር ያስጠናሁት መንዙማ ነው» አሉ። «መውሊድ ደርሷል። እስከ ዓርብ አስተካክለው። ካልሆነ ሸዋ በር ወዳለው አዲሱ ልጅ እንወስደዋለን።»

«ውሰዱት። እዚያ መብራቱ ያብለጨልጫል፤ ሶፋም አለ።»

«ቢያንስ እግሬን አሳርፋለሁ» ብለው ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ መልሰው ወጡ።

በሁለት ወር ውስጥ ሦስተኛ መሆናቸው ነው። መጀመሪያ የመዝሙር ልጆቹ፣ ቀጥሎ ከድሬ ጠያራ የመጣው የሠርግ ዘፋኝ ሐሰን፣ አሁን እኒህ። ሦስቱም ግራው አሉ። ሐሰን ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፤ የመዝሙር ልጆቹ አዲሱ ልጅ ዘንድ ሲቀረጹ በስልኩ አይቷቸዋል፣ ሶፋው ላይ ተደርድረው። የወይዘሮ ሳዳ ሴቶች ከሄዱ ደግሞ ሐረር ውስጥ የሱን በር የሚያንኳኳ አይቀርም። ሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ የአርባ ስምንት ዓመት ሰው ሌላ ሥራ ማን ይሰጠዋል?

አዲሱ ልጅ። ትናንት የተወለደ፣ ገመድ መጠቅለል የማያውቅ፣ አባቱ ማይክ ስለገዛለት ባለሙያ የተባለ። ሚልኪያስ ያንን ማይክ ፎቶው ላይ አይቶ ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው ያደረው።

ዛሬ መወሰን አለበት። ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመጣለት አብዱልፈታ መርካቶ ነው ያለው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደውላል። ማይክ፣ ሳውንድ ካርድ ወይስ ስፒከር? ያጠራቀማት ገንዘብ ከአንዱ አታልፍም። እስከ ትናንት ልቡ ማይኩ ላይ ነበር፣ ለዚያ ልጅ አፍ ማስያዣ። አሁን ግን ነገሩ ወደ ግራው ስፒከር አጋደለ። የዚያ ስፒከር ድምፅ ከዓመት ዓመት እየደፈነበት ነው፤ ለዚህም ሲል ነው ሥራ በሠራ ቁጥር ቀጭኑን ድምፅ በግራ በኩል ከፍ የሚያደርገው።

ሚስቱ ዕፀገነት በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር አለች። በግራው በኩል ነው በሩ። ሚልኪያስ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አልነቀለም።

«ግድግዳ ነው ያገባሁት» አለች ጮክ ብላ። «ያስጠራኸው ነስሮ መጥቷል እያልኩህ ነው።»

ነስሮ ጊደር መጋላ አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን፣ አፉም እጁም ሥራ የማይፈታ ሰው ነው። መፍቻውን ጆሮው ላይ እንደ እርሳስ ሰክቶ ገባና ክፍሉን ዞሮ ዞሮ አየ።

«ዛሬም ወንበር የለም?»

«ልትሠራ ነው ወይስ ልትቀመጥ? ግራው ደፍኗል። እየው።»

ነስሮ ሁለቱ ስፒከሮች ፊት ቆሞ አዳመጠ። «ለኔ እኩል ናቸው።»

«አንተ የቴሌቪዥን ሰው ነህ። ስለ ጆሮ አታውራኝ።»

«እሺ አቦ፤ አልወጣኝም። ያልነካካኸውን አንድ ድምፅ ክፈት፣ ጥሬውን።»

ሚልኪያስ የወይዘሮ ሳዳን ድምፅ ብቻውን ከፈተ። ነስሮ የግራውን ስፒከር ነቅሎ በቀኙ ቦታ፣ የቀኙን በግራው ቦታ ተከለ። «በሽታው ስፒከሩ ላይ ከሆነ ተሸክሞት ወደ ቀኝ ይሄዳል» አለ። «አሁንስ የቱ ነው?»

«ግራው።»

«ወደ ቀኝ አልሄደም?»

«ግራው ነው አልኩህ እኮ።»

«ሳውንድ ካርዱ ነዋ» አለና ጎንበስ ብሎ ገመዶቹን አቀያየረ። «አሁን ደግሞ ከካርዱ የሚመጣው በተቃራኒ ነው። የቱ ደፈነ?»

«ግራው! ስንቴ ልንገርህ?»

ነስሮ ቀና አለ። መፍቻውን ከጆሮው አወረደና መዳፉ ላይ አገላበጠው።

«እስቲ ዙር» አለ ነስሮ። «ፊትህን ወደ ደጁ መስኮት፣ ጀርባህን ለስፒከሮቹ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ዙር በቃ አቦ።»

ዞረ። የሴትዮዋ ድምፅ ከኋላው መጣ።

«በጣትህ አሳየኝ። የደፈነው የቱ ነው?»

ሚልኪያስ በንዴት ክንዱን ወደ ግራው ወረወረ። ከዚያ ዘወር ብሎ ጣቱ የቆመበትን አየ። እስካሁን ደኅና ነው፣ ደኅና ነው ሲል የቆየበት ጎን ነበር።

ድምፁ መጫወቱን ቀጠለ። ሁለቱም አላጠፉትም።

«ስፒከርህ ደኅና ነው» አለ ነስሮ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከገመዶቹ ሳያነሳ። «ካርዱም ደኅና ነው። ሐኪም ቤት ጆሮ የሚያይ...»

«ስፒከሬን ፈትሽ አልኩህ እንጂ እኔን ፈትሸኝ አልኩህ?»

«ሚልኪ...»

«ውጣልኝ።»

ነስሮ ዕቃውን ሰብስቦ በሩ ላይ ደረሰና ዞረ። «ለማንም አልናገርም።»

ከሁሉም የነደደው በዚህች ነው። ለማንም የማይነገር ገመና ያለበት ሰው ሆነ ማለት ነው።

ብቻውን ሲቀር ኮምፒውተሩን አጠፋና እጁን ግራ ጉንጩ ላይ አሳረፈ። በከተማው የኪነት ቡድን ውስጥ ድምፅ ማጉያ ያገናኝ የነበረ ጊዜ ሃያ ዓመቱ ነበር። በበዓል ቀን መድረክ ላይ ማይኩ ሲያፏጭ የቡድኑ አለቃ ጋሽ አሰፋ ወርዶ፣ ሕዝብ እያየ፣ ልጃገረዶቹ እያዩ፣ በጥፊ አጮለው። ሦስት ቀን ሙሉ ጆሮው ውስጥ ንብ ስትጮህ ሰነበተች። ይህን ታሪክ ለስንት ሰው ተርኳል! በየሠርጉ፣ በየለቅሶው፣ ለሚስቱማ እስኪሰለቻት። ሲተርክ ግን ሁልጊዜ ሕዝቡንና ልጃገረዶቹን ነው፤ ንቧን አንስቷት አያውቅም። ለሃያ ስምንት ዓመት ስለ ውርደቱ ቂም ሲያላምጥ፣ ሌላ ነገር ከኪሱ እየተወሰደበት ነበር። ወይም ደግሞ ጥፊው አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን በየድንኳኑ ስፒከር ሥር መኖሩ ነው። ማን ያውቃል? አምና ለጋሽ አሰፋ በአዳራሽ ካባ ተደርጎለታል። ሄዶ ኮሌታውን ይዞ ይጠይቀው? የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነው፤ የመታው ልጅ ስሙ እንኳ ትዝ አይለውም።

ስልኩ ጮኸ። አብዱልፈታ ነው።

«እሺ ጌታዬ፣ ሱቁ ውስጥ ነኝ። ማይኩ እጄ ላይ ነው፣ ሲያምር! እሱን ላምጣው?»

ሚልኪያስ ስልኩን ከግራ ጆሮው አንስቶ ወደ ቀኙ አዞረ።

«ተወው።»

«ስፒከሩን?»

«እሱንም። ምንም አታምጣ።»

«ጉድ ነው! ስድስት ወር ስታደርቀኝ ከርመህ? ምን ልትገዛ ነው ታዲያ?»

«የምፈልገው እዚሁ አለ» ብሎ ዘጋው።

ጊደር መጋላ ወርዶ ከዓሊዪ ሱቅ ደጃፍ ወንበር መረጠ። እየተቀመጠ ይወዛወዛል፣ ይነሳል፣ ጎንበስ ብሎ ቀኝ ጆሮውን ወደ ወንበሩ እግር ያስጠጋል። ዓሊዪ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲያየው ቆየ።

«ወንድሜ፣ ወንበር ነው እኮ። እንዲያወራ ነው የምትፈልገው?»

«እንዳያወራ ነው» አለ ሚልኪያስ፣ ፊቱን ሳይፈታ። አምስተኛው ላይ ሲጥ የሚል ነገር አላገኘም። የእንጨት ነው፤ መደገፊያ አለው። ጭንቅላቱ ላይ ገልብጦ ዳገቱን ወጣ።

ዕፀገነት ስታየው የያዘችውን ሣህን አስቀመጠች።

«የማን ነው?»

«የወይዘሮ ሳዳ። ነገ ይመጣሉ፣ ደውዬላቸዋለሁ። ስሠራው ቁጭ ብለው ይሰሙታል።»

«አንተ? ከአጠገብህ ሰው ልታስቀምጥ?» ሳቋ መጣ፤ ግን ፊቱን አይታ ዋጠችው። ወንበሩን ተቀብላው ገባችና ሰፊው ቦታ ወደ በሩ ስለሆነ በግራው በኩል አደረገችው።

«እዚያ አይደለም» አለ። «በቀኝ።»

«በቀኝማ ግድግዳ ነው፣ ይጠባቸዋል። እዚህ ቢሆን ምናለበት?»

«በቀኝ አልኩ።»

በሩን አየች፤ ሁልጊዜ ቆማ የምትጠራውን ቦታ። ከዚያ ባሏን አየች። ወንበሩን አንስታ በባሏ ጀርባ ዞረችና ከግድግዳው ጋር አጣብቃ አስቀመጠችው። አልወጣችም። ቀሚሷን ሰብስባ ራሷ ተቀመጠችበት።

«በል ክፈተው» አለች፣ ቀስ ብላ። በዚያ በኩል ቀስ ብላም ተሰማች።

ሚልኪያስ ኮምፒውተሩን አበራ፤ የሴቶቹን መንዙማ ከፈተና ጣቱን ቀጭኑን ድምፅ በሚቀንሰው ቁልፍ ላይ አሳረፈ።

«ሲወጋሽ ንገሪኝ» አለ፣ ሳያያት። «አስተያየት አይደለም የጠየቅኩሽ። ሲወጋሽ ብቻ።»