ቀድሞ የገባው ሳክስፎን

ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃ የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ በቀላ ጊዜ፣ ዕድሜያቸውን በሳክስፎን ተጫዋችነት የፈጁት ጋሽ ልሣኑ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በሐሳብ ይዋዥቁ ነበር። በወጣትነታቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ሶል በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ስልት ያስቀረጹት አንድ ዘፈን ዛሬም በሠርጉ፣ በታክሲው፣ በመጠጥ ቤቱ ይሰማል፤ በመካከሉ የሚገባውን የሳክስፎን ዜማ የማያፏጭ ያገር ልጅ የለም። የማን ትንፋሽ እንደሆነ ግን የሚያውቅ አይገኝም፤ በሸክላው ሽፋን ላይ የወጣው የዘፋኙ ስምና ፎቶግራፍ እንጂ የአጃቢዎቹ አልነበረምና። ታክሲ ውስጥ ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው ያንን ዜማ ሲያፏጭ እየሰሙ፣ «እኔ እኮ ነኝ!» ሊሉ ስንት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘግተዋል። ማን ያምናቸዋል?

አሁን ደግሞ ይድነቃቸው የሚባል ወጣት አሳታሚ የድሮ ዘፈኖችን፣ ያንንም ዘፈን ጨምሮ፣ እንደ አዲስ አስቀርጾ ሊያወጣ ተነሥቷል። ከበሮውንና ቤዙን ኮምፒዩተር ይጫወተዋል፤ ሰው ካስፈለገም ለየብቻው እየተጠራ ይቀረጻል። የሙዚቀኞች ማኅበር ይህን ሰምቶ ተሰበሰበና፣ ይድነቃቸው ከማኅበሩ ጋር ውል ካልገባና የአጃቢው ሁሉ ስም ካልተጻፈ አንድም አባል ስቱዲዮው እንዳይረግጥ ወሰነ። ጋሽ ልሣኑም እጃቸውን አውጥተው ደግፈዋል። ይድነቃቸው ግን ብልጥ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ ጉልበት ስሞ፣ «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት መኪና ልላክልዎት። ብቻዎን ይምጡ እንጂ ስምዎና ፎቶዎ ከፊት ለፊት ይወጣል» አላቸው። እሺም እምቢም ሳይሉ ሸኙት። እሳቸው ከገቡ ሌላውም እየተከታተለ እንደሚገባ፣ ማኅበሩም በዚያው እንደሚፈርስ አሳምረው ያውቃሉ። ግን ስማቸው! ያ ዕድሜ ልካቸውን የናፈቁት ስም! ራት ሳይቀምሱ አልጋቸው ላይ ጋደም አሉ፤ ከብዙ መገላበጥ በኋላም እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እነሆም ሸዋንግዛው ከፊታቸው ቆሞ ታያቸው። ሸዋንግዛው የዚያ ባንድ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር፤ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በራእዩ ግን አፍሮውን አበጥሮ፣ ታች ሰፋ ያለ ሱሪውን ለብሶ፣ እንደ ጥንቱ ጎረምሳ ነው።

«ተነሣ እንጂ፤ አረጀህ እንዴ?» አላቸው።

«አንተም ባትሞት ታረጅ ነበር» አሉት ጋሽ ልሣኑ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

ሸዋንግዛው እጃቸውን ይዞ መራቸው። ጥቂት እንደሄዱ፣ ጎዳናዋ በዛፎች ጥላ የተሸፈነ፣ ቤቶቿ መስኮታቸውን ወለል አድርገው የከፈቱ፣ ከየመስኮቱም የመሣሪያ ድምፅ እንደ ምንጭ ውኃ የሚፈስባት አንዲት ያማረች ከተማ ደረሱ። በየሱቁ ደጃፍ ያለው ሬዲዮ ዘፈን ሊያሰማ ሲል አስቀድሞ የከበሮ መቺውን፣ የቤዝ ተጫዋቹን፣ የነፋሾቹን ስም ሁሉ በክብር ይጠራል፤ ሰዎችም ቀልባቸውን ሰብስበው ያዳምጡታል። በከተማይቱ እምብርት ከጥርብ ድንጋይ የታነጸ ሰፊ ቤት ቆሟል፤ የሙዚቀኞች ማኅበር ቤት ነው። በአንድ ወገን የታመሙ ይታከሙበታል፤ በሌላው ወገን፣ መለከትና ሳክስፎን በመንፋት ያረጁ ሰዎች ጥርሳቸውን ያስተክሉበታል፤ ያለ ጥርስ መንፋት አይቻልምና። ጋሽ ልሣኑ ይህን ሲያዩ ሳይታወቃቸው በምላሳቸው የራሳቸውን ጥርስ ዳሰሱ። ከደረጃው ላይ ደግሞ ዝናዋ አገር ያዳረሰ አንዲት ዘፋኝ በትዕግሥት ተቀምጣ ነበር።

«ይህች ምን ትሠራለች?» ብለው ጠየቁ።

«ከበሮ መቺው ልጁን ሐኪም ቤት ሊያደርስ ሄዷል፤ እሱን ትጠብቃለች።»

«ሌላ ከበሮ መቺ አጡ?»

«ሞልቷል። ዜማውን አብሯት ያጠናው ግን እሱ ነው። እዚህ አገር ማንም ብቻውን አይቀረጽም፤ የባልንጀራውንም ቦታ ማንም አይወስድም።»

«ይህን ሕግ ያወጣው የትኛው ባለሥልጣን ነው? ወንድ ነው!»

«ባለሥልጣን አላወጣውም። አንድ ቀን ሁሉም በአንድነት እምቢ አሉ፤ በቃ።»

«ሁሉም? አንድም የከዳ ሰው አልነበረም?»

«አንድ ሰው ቢከዳ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላየህ ነበር» አለና ሸዋንግዛው ትክ ብሎ አያቸው። ጋሽ ልሣኑ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

ከዚያም ወደ አንድ አዳራሽ አስገባቸው። ወይ ጊዜ! ያ ዘፈን የተቀረጸበት የጥንቱ ክፍል ቁርጥ እሱ ነበር፤ ግድግዳው በጆንያ የተሸፈነው፣ አንዲት ማይክራፎን በመካከሉ የቆመችበት። ያን ጊዜ ሁሉም ባንድነት ነበር የሚቀረጸው። ከበሮው ድምፁ እንዳያይል ወደ በሩ ይርቃል፤ ሳክስፎኑ ወደ ማይክራፎኗ ይጠጋል፤ ትሮምቦን የሚነፋው ምንውየለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሌላው ዓይኑን የሚተክለው በሸዋንግዛው ትከሻ ላይ ነው፤ ትከሻው ዝቅ ሲል ያኔ መግባት ነው። አንድ ሰው ከተሳሳተ ከመጀመሪያው መጀመር ስለነበር ሙቀቱና ሳቁ፣ ላቡና ቀልዱ ለጉድ ነበር። ጋሽ ልሣኑ ያን ክፍል እንዴት እንደናፈቁት እስከዚያች ቅጽበት አላወቁም ነበር።

በክፍሉ አንዲት መምህርት ተማሪዎቿን ሰብስባ ሸክላውን ታሰማለች። የሳክስፎኑ ዜማ ሲደርስ አቆመችው። «ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ሳክስፎኑ ጊዜው ሳይደርስ ገባ» አለች።

«ውሸት ነው!» ብለው ጮኹ ጋሽ ልሣኑ፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም። «ከበሮው ነው የዘገየው!»

ሸዋንግዛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እስከ ዛሬ ያንን ምስኪን ከበሮ መቺ ታማለህ? የቸኮልከው አንተ ነህ። እኔ ትከሻዬን ገና አላወረድኩም ነበር። ዘለህ ስትገባ አየሁህ፤ ታዲያ ትቼህ ልቅር? አብሬህ ዘለልኩ። ከበሮውም እኔን አይቶ ዘለለ። ምንውየለት ወደ ግድግዳ ዞሮ ምንም ሳያይ፣ በጆሮው ብቻ ተከትሎ ደረሰብህ። ሰው እንደዚያ የሚወደው ይህንን ቦታ ነው። ያንተ ዜማ ብቻ ይመስልሃል እንዴ? ሁላችንም አንተን ለመያዝ ስንሮጥ የሚሰማው ነው።»

ጋሽ ልሣኑ ዞረው ሸክላውን አዩት።

«ነገ ብቻህን ገብተህ ብትቸኩልሳ?» አላቸው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማን አብሮህ ይዘላል?»

በዚህ ጊዜ መምህርቲቱ የሸክላውን ሽፋን ከፍ አድርጋ አሳየች። ስሞች በሙሉ ተጽፈውበታል፤ ሁሉም በእኩል ፊደል። ጋሽ ልሣኑ ሊያነቡ ዓይናቸውን አጥብበው ጠጋ አሉ። ወዲያው ከውጭ የመኪና ጡሩምባ አምባረቀና ነቁ።

ነግቷል። የይድነቃቸው ሾፌር በር ላይ ቆሟል። ጋሽ ልሣኑ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወጡና፣ «ለአለቃህ ንገርልኝ፤ የምመጣው ከሁሉም ጋር ነው። ያሉት ከነመሣሪያቸው፣ የሞቱት በስማቸው» አሉት።

ሾፌሩ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የመጣሁት በትንሿ መኪና ነው።»

«እንግዲያው ባዶዋን ትመለስ» አሉና በእግራቸው ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ገሠገሡ። አባላቱ ተሰብስበው ነበር። ይድነቃቸው ለብቻቸው እንደጠራቸው፣ እሺ ለማለትም ልባቸው እንደከጀለ ሳይደብቁ ተናገሩ፤ ያዩትንም ራእይ ከከተማይቱ ጎዳና ጀምረው እስከ ጥርስ ሐኪሙ ድረስ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ ዓይኑን ጠረገ።

ትሮምቦን ተጫዋቹ ጋሽ ምንውየለት ግን ከአግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ፣ «በሽፋኑ ላይ የኔስ ስም ነበረበት?» ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ልሣኑ አንገታቸውን ደፉ። «ምን ልዋሽህ፣ አላየሁም። የራሴን ስፈልግ ነቃሁ።»

ጋሽ ምንውየለት «እኔም ብሆን የራሴን ነበር የምፈልገው» ብለው፣ ጠጋ አሉና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላቸው።