ኮሌታ የምታየው ዞምቢ

ፊልሙን ጥሩ ነው ያለ ሰው የለም፤ የሠሩትም አላሉም። የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች በምሳ እረፍታቸው የሠሩት የዞምቢ ፊልም ምን ሊወጣው ኖሯል? ዞምቢዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ያውም ግራ እጅጌው ከቀኙ የረዘመ፣ ገዢ አልቀበልም ብሎ የመለሰው። ፊታቸው ላይ የተነሰነሰው ዱቄት በላብ እየራሰ ሊጥ ሆኖ አገጫቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ደም ተብሎ የተቀባው የቲማቲም ድልህ ዝንብ ስለጠራ፣ መቃብር ፈንቅለው ወጡ የተባሉት ሙታን እሽ እሽ እያሉ ዝንብ ያባርራሉ። ጀግናው የፋብሪካው ዘበኛ ነበር። እሱ ተኩሶ ከጣላቸው መሀል ቁልፍ ሰፊዋ፣ ጉርድ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ መሰብሰቡ ትዝ ቢላት፣ ሞታ ሳለች ወደ ታች ጎተት አድርጋዋለች።

የባሰው ግን ደወሉ ነው። ዘበኛው በዞምቢዎች ተከቦ "እንግዲህ ሞቼም ቢሆን አልለቃችሁም" ብሎ ሲፎክር የሥራ መግቢያ ደወል ይጮኻል። ያኔ የሞቱትም፣ ሊበሉ የነበሩትም፣ ጀግናውም እኩል ብድግ ብለው እየተጋፉ ወደ ማሽናቸው ይሮጣሉ። የዚያን ፋብሪካ አለቃ የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም።

በዚህ ሁሉ ጉድ መሀል የጥራት ተቆጣጣሪዋ ነበረች። ሥራዋ ጠዋት ማታ የተሰፋ ሸሚዝ እያነሱ ኮሌታውን ገልብጦ ስፌቱን ማየት ነው። ጨርቅ ቆራጩን አንገቱ ላይ እንድትነክሰው ሲነገራት፣ እጇን ዘርግታ እየተንገዳገደች መጣች፤ እስከዚያ ድረስ ደህና ዞምቢ ነበረች። ከዚያ ኮሌታውን ያዘች፣ ገለበጠችው፣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ ቅር ብሏት ፊቷን ቅጭም አደረገች፣ የነከሰችው ከዚያ በኋላ ነው።

ካሜራውን የያዘው ባሏ ነበር፤ የፋብሪካው መካኒክ። ሳቁን ዋጥ ለማድረግ ቢታገልም አልሆነለትም። ምስሉ ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠና ከኋላ "ውይ እመቤቴ፣ ሬሳ ሆነሽም አላረፍሽም እንዴ?" የሚል ድምፅ ገባ።

መካኒኩ ዝም ማለት የሚሉት ነገር አልፈጠረበትም። ፊልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያወራበት ነው የቀረጸው። "ቀስ በሉ እንጂ፣ የሞተ ሰው ምን አስቸኮለው" ይላል። "እኔን ምን ታዩኛላችሁ፣ እሱን ብሉ" ይላል። ፀሐይ ከጀርባው ስትሆን ደግሞ ጥላው ግድግዳው ላይ አብሮ ይሄዳል። ሰውን ሲያነሳ የኖረ ሰው በመሆኑ ከመታወቂያው ፎቶ በቀር የራሱ ምስል አልነበረውም። ልጃቸው ገና ድክ ድክ ሳይል መካኒኩ ታሞ ሞተ።

የፊልሙ ካሴት ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ። ማጫወቻው ተበላሸ፤ ቆይቶም ማጫወቻ ያለው ሰው ጠፋ። ተቆጣጣሪዋ የባሏን ፊት አልረሳችም፤ ፎቶው ግድግዳው ላይ አለ። ድምፁ ግን እያደር ከዳት። የሚላቸውን ነገሮች በቃሏ ታውቃለች፤ ሲላቸው እንዴት እንደነበረ ግን አልመጣላት አለ። ይህን ለሰው መናገር አፈረች። የገዛ ባሌ ድምፅ ጠፋብኝ ብላ ለማን ትንገር? ካሴቱ አለ እያለች ራሷን ስታጽናና ኖረች።

ዘንድሮ የድሮዎቹ ባልደረቦች እሁድ እሷ ቤት ተሰብስበው ፊልሙን ለማየት ተቃጠሩ። ልጇ አሁን ማስታወቂያ የሚሠራ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀጥሯል፤ ማጫወቻ አላጣም። ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሩን ታቅፎ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ መጣ።

"እማዬ፣ ቁጭ በይ። የምታውቂው ፊልም አይደለም።"

እውነትም አልነበረም። ምስሉ ጠርቷል። ጥላው ከግድግዳው ላይ የለም። ደወሉ የለም፣ ሩጫውም ተቆርጧል። ዞምቢዎቹ ጸጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ጭራሽ ያስፈራሉ። ተቆጣጣሪዋ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋች። ያቺ ወጣት ዞምቢ እየተንገዳገደች መጣች፣ ኮሌታውን ገለበጠች፣ ዳበሰች፣ ነከሰች። ምስሉ እንደ ተሰቀለ ፎቶ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር።

"እዚህ ጋ ይንቀጠቀጥ ነበር" አለች።

"አዎ፣ እሱን አቀናሁት። አንድ ሌሊት ሙሉ አስለፍቶኛል።"

"የሚያወራውስ ሰውዬ?"

"አጠፋሁታ። ከካሜራው ኋላ ሆኖ ሲቀባጥር፣ ሲስቅ፣ ፊልሙን ገደል ከተተው እኮ። ዝም በል የሚለው ሰው እንዴት ጠፋ?"

እጅህ ይባረክ ልትለው አፏን ከፈተች። ለፍቶላታል፤ ለእሷ ብሎ እንቅልፉን አጥቷል። ሌላ ቃል ወጣት።

"አባትህ ነው።"

ልጁ ፊልሙን አቆመው። አባቱ ለእሱ ከንፈሩን ገጥሞ ከግድግዳ የሚያይ ሰው ነው። እናቱም ስትጠየቅ "ጥሩ ሰው ነበር" ከማለት አልፋ አታውቅም፤ ወሬኛ ነበር፣ ሳቂታ ነበር ብላ አታውቅም። በምን ይለየው?

"እማዬ፣ አላወቅኩትም እኮ" አለ።

"ካሴቱስ?"

ካሴቱ ማጫወቻው ውስጥ ተበጣጥሷል። አንዴ ተቀድቷልና ግድ የለም ብሎ ሳይነግራት ቀርቶ ነበር። ያልተነካው ቅጂ ያለው ስቱዲዮ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሳምንቱ ሲያልቅ የዲስኩን ቦታ ለአዲስ ሥራ ያጸዱታል። ጫማዋን በቅጡ ሳታስር ተያይዘው ወጡ።

ስቱዲዮው ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነው። ተቆጣጣሪዋ በሚሽከረከረው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጇ ፈለገ፣ እንደገና ፈለገ፣ አንገቱን ደፋ። ቅጂው የለም። እሷም "ይሁን፣ ተወው" አለችው፤ ይሁን ማለቷ እንዳልነበር ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

ተነስተው ሊወጡ ሲሉ ነው ጥራጊው ትዝ ያለው። ድምፅ ሲያጸዱ የሚወጣውን ኮተት ሁሉ፣ ሥራውን ያዘዘው ሰው አይቶ ወደድኩት እስኪል ድረስ ለብቻው ያስቀምጡታል። የስቱዲዮው ልማድ ነው። ያዘዘችው ደግሞ እናቱ ናት፤ ወደድኩት አላለችም።

ከፈተው። መጀመሪያ ሹሹታ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ዝንብ፣ ከዚያ የማሽን ጉርምርምታ። ከዚያ አንድ ሰው በሹሹታው መሀል ጉሮሮውን ጠረገና "ቀስ በሉ እንጂ፣ የሞተ ሰው ምን አስቸኮለው" አለ።

ተቆጣጣሪዋ እጇን ሰድዳ ጸጉሯን አስተካከለች፣ ድንገት ሰው የገባባት ይመስል። እንባዋ የመጣው ኋላ ነው።

የምስሉ መንቀጥቀጥ ግን ጥራጊ የለውም፤ እሱ አንዴ ከቀና ቀና። ልጇ ይህን ሲነግራት ይቅርታ ጠየቃት። ድምፁን አግኝቻለሁ፣ ምን ቀረብኝ አለችው።

እሁድ ቤቱ ሞላ። ዘበኛው በከዘራ መጣ። ቁልፍ ሰፊዋ ገና ከበር "ቀሚሴን የጎተትኩበትን ቆርጠህልኛል አይደል?" አለችው ልጁን፤ ስላልቆረጠው ተቀየመችው። ጠረጴዛውን ብርጭቆ ስለያዘው ልጁ ትንሿን ፕሮጀክተር በሁለት እጁ ደግፎ ከኋላ ቆመ። ድምፁን መልሶበታል። የመካኒኩ ንግግር ሲጀምር ዘበኛው ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋደመና "መጣ ደግሞ ይሄ ለፍላፊ" አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

ኮሌታው ተገለበጠ። አውራ ጣት ስፌቱን ዳበሰ። "ውይ እመቤቴ፣ ሬሳ ሆነሽም አላረፍሽም እንዴ?" አለ መካኒኩ፣ ሳቁም ተከተለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በዚያው ቅጽበት ግድግዳው ላይ ያለችው ወጣት ዞምቢ ከላይ እስከ ታች መንቀጥቀጥ ጀመረች።

ከኋላ ልጁ ሳቁን ማቆም አቅቶት ነበር። "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለ እጁን ለማጽናት ሞከረ።

ተቆጣጣሪዋ ዓይኗን ከግድግዳው አላነሳችም።

"ተወው ልጄ፣ አታቅናው" አለች። "እንደሱ ነበር።"